ተናኜ የአያቷን ታሪክ የተናገረችበት እሁድ

ተናኜ ስትቆጣ ያየ ሰው አልነበረም። በኖርዌይ፣ ስቶቭነር በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ ያረጁ ኖርዌያውያን ቢሰድቧት፣ ምራቃቸውን ቢተፉባት እንኳ አፋቸውን ጠርጋ ቁርሳቸውን ታጎርሳለች። በኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ እንዲሁ ነበረች። ትቬይታ በሚባል ሰፈር፣ ከኖርዌያውያን ምእመናን ጋር በሚጋሩት ሕንፃ፣ በየእሁዱ ከአምልኮ በኋላ ወጣቶቹን ወደ ምድር ቤቱ ይዛ ትወርድና ታስተምራለች። «ተናኜ ወርቅ ናት» ይሏታል። ዝም ስለምትል ነው ወርቅ ያሏት።

ነገሩ የተነሳው ኤልዳና ከትምህርት ቤት ይዛው በመጣችው ጥያቄ ነው። ኤልዳና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ የጋሽ ግዛው ልጅ ናት። በክፍል ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲማሩ ሰንብተው ነበርና፣ «እትዬ፣ ባሪያ የሚሸጡትም ባርነትን የሚቃወሙትም የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እንዴት ሊሆን ቻለ?» አለቻት።

ተናኜ «አንብቤ እመጣለሁ» ብላ የበረዶውን ወራት ስታነብ ከረመች። ያነበበችው ይህ ነው፤ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰባኪዎች መድረክ ላይ ቆመው፣ ጥቁር ሕዝብ የተረገመ የካም ዘር ነው፣ ባርነትም የእግዚአብሔር ሥርዓት ነው ይሉ ነበር። እናትን ከልጇ ነጥሎ በጨረታ የሸጠ ሰው በሰንበት የጌታን እራት ይቀበላል። ባርነት በሌለበት ግዛት የሚኖረውም አልተረፈም፤ አምልጦ የመጣን ሰው ሲያሳድዱ አግዝ ከተባለ፣ እንቢ ማለት በሕግ ወንጀል ሆነበት። አብያተ ክርስቲያናቱ በዚህ ተሰነጠቁ፤ ኋላም አገሪቱ ራሷ ተሰንጥቃ በደም ታጠበች። ተናኜን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ግን የጌቶቹ ምላስ ነው። «ባሮቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው፤ ከልጆቻችን ለይተን አናያቸውም» ይሉ ነበር።

ይህንን ለወጣቶቹ ስትነግራቸው ክፍሉ በቁጣ ታመሰ። ፊሊሞን ብቻ አቀርቅሮ አዳመጠ። ፊሊሞን ከእናቱ ጋር ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣ፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ መዘምራን ውስጥ ከበሮ የሚመታ ልጅ ነው። ሌሎቹ ሲረጋጉ ቀና አለና፣ «እሺ፣ አሜሪካኖቹ ክፉ ነበሩ። እኛስ?» አለ። «እዚሁ ፎቅ ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ 'ያ የባሪያ ልጅ' ሲሉኝ ሰምቻለሁ።»

ማን እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። ኤልዳና አንገቷን ደፋች። «አባቴ ነው» አለች። «ከእሱ ጋር እንዳላይሽ፣ አጥንቱ አይታወቅም ብሎኛል።»

ተናኜ በሳምንቱ ጋሽ ግዛውን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው።

«እህት ተናኜ፣ ቃል እኮ ነው፤ የአፍ ልማድ» አሏት።

«ልጁ ሰምቷል፣ ጋሽ ግዛው። ይቅርታ ይጠይቁት።»

«ለምኑ? የፈረንጁን ኃጢአት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? እነሱ በሰንሰለት ነው የነዱት። በእኛ አገር ባሪያም ቢሆን ቤተሰብ ነበር፤ አብሮ በልቶ አብሮ ያደገ።»

ተናኜ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ከመቶ ዓመት በላይ ተሻግሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ያው ቃል በአማርኛ ቆሞ ይናገራል። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና የወጣቶቹ ትምህርት ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቆም ወሰኑ። ምክንያቱ «ፖለቲካ ገብቶበታል» የሚል ነበር። ሊነግራት የመጣው ወጣቱ መጋቢ ልደቱ ነው።

«ለሰላም ሲባል ነው፣ እህቴ» አላት።

«ለማን ሰላም?» አለችው።

በሚቀጥለው እሁድ፣ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ ተናኜ ተነስታ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

«አያቴ ከከፋ ናት» አለች። «ሕፃን ሆና እንጨት ስትለቅም አፍነው ወሰዷት፣ ጅማ ወስደውም ሸጧት። የገዟት ሰዎች ስሟን ለወጡት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም እሷም ረሳችው፣ እኛም አናውቀውም። እናቴ ይህን ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች። 'ባሪያም ቤተሰብ ነበር፣ አብሮ በላ' ስትሉ ሰማሁ። አያቴ የምትበላው ጌቶቿ በልተው ከተነሱ በኋላ የተረፈውን ነበር። ቤተሰብ ከነበረች ለምን ሸጧት? ቤተሰብ ከሆንንስ ዛሬ የፊሊሞንን አጥንት የምትቆጥሩት ለምንድነው?»

እዚህ ላይ ማጉያው ጠፋ። የድምፅ መሣሪያው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ከፊት ወንበር ጋሽ ግዛው በእጃቸው ሲጠቅሱት አጥፍቶት ነው። ተናኜ የሞተውን ማጉያ ወንበር ላይ አስቀመጠችና በገዛ ድምፅዋ ቀጠለች። «አሜሪካ ውስጥም መድረኩን የያዙት እንዲህ ነበር ያደረጉት» አለች፤ አዳራሹ ጥግ ድረስ ተሰማ። ፊሊሞን ከከበሮው ኋላ ተነስቶ ቆመ። ቀጥሎ ኤልዳና ቆመች፣ አባቷ እያዩዋት።

ባሏ ሀብታሙ አብሯት በባቡር ተመለሰ። ቶየን ጣቢያ ላይ ባቡር ቀይረው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ለእኔም አልነገርሽኝም» አላት።

«እናትህ ቢሰሙ ያጋቡን ነበር?»

«አያጋቡንም ነበር» አለ። ያቺ ቀን ከመሸች በኋላም ለሁለት ቀን ያህል አኮረፈ፤ ያኮረፈው በእሷ ይሁን በእናቱ እሱም አላወቀውም። በሦስተኛው ቀን፣ «አያትሽ ምን ትመስል ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበርና ተናኜ እስክትጨርስ እያለቀሰች ነገረችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ትምህርቱን አልመለሰላትም። አብራት ስትበላ ስትጠጣ የኖረች አንዲት ሴት ደግሞ ሰላም ስትላት እጇን ሰበሰበችባት። ያ ከማጉያው መጥፋት ይልቅ አመማት። ተናኜ ወጣቶቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ስቶቭነር ቤተ መጻሕፍት ትሰበስብ ጀመር። ያስቀሩ ወላጆች አሉ፤ የላኩም አሉ። የፊሊሞን እናት መቅደስ ራሷ መጥታ ተቀመጠች። ኤልዳና የምትመጣው ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነው።

ጋሽ ግዛው ዛሬም ሰብሳቢ ናቸው። መጋቢ ልደቱ አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጥቶ፣ ወጣቶቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ «እህቴ፣ ይቅር በይና ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ ተመለሺ» አላት።

«በደልኩሽ ያለኝ ሰው የለም» አለችው ተናኜ፣ ወንበሮቹን እየመለሰች። «ማንን ነው ይቅር የምለው?»