የስምንቱ መርከበኞች አደራ

ሞጣ ላይ የያዙኝ ከክፍል ውስጥ ነው። የተማሪዎቼን ስም እየጠራሁ ግማሽ ላይ ስደርስ ሁለት ታጣቂዎች በሩ ላይ ቆሙ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ የጠመኔውን ዱቄት ከእጄ አራግፌ ወጣሁ። በጭነት መኪና ብቸና ወስደው አንድ የድሮ እህል ማከማቻ ውስጥ አስገቡኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የጤፍ ገለባ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ ቁንጫው። ከዚያ ከጥግ የአንድ ሸምገል ያሉ ሰው ድምፅ መጣ።

«መምህር ነህ መሰል፤ እጅጌህ ጠመኔ ነክቶታል። ና፣ እዚህ ቦታ አለ።»

እስረኛው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ ቄስ ግን አልነበሩም። የሞጣ አካባቢ ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው ምጽዋ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ተመልሰው፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው መካከል ተቀምጠው የመርከቦቻችንን ታሪክ ጻፉ። ሊጨርሱት ትንሽ ሲቀራቸው ተያዙ። «ጦር መርከብ» እና «ወደብ» የሚል ቃል የበዛበት ደብተር የሰላይ ደብተር ነው ተብሎ ሁለቱም ደብተሮቻቸው ተወሰዱ፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

ይሁንና መጽሐፉ አልጠፋም ነበር። አብሮን የታሰረ አንድ የመርጡለ ማርያም የቅኔ ተማሪ ዲያቆን ነበር።

«የኔታ፣ እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እቀበላለሁ» አላቸው። «በእኛስ ቅኔ ቤት ደብተር መች አለና።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሽንት ስንመለስ እሳቸው ይላሉ፣ እሱ ይቀበላል። የትናንቱን ሳይሳሳት ካላሳለፈ አዲስ አይሰጡትም። የመጀመሪያውን ክፍል ዲያቆኑ ያዘው። የወደቡን ክፍል ደግሞ አንድ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴ ያዙት። ቁርኣን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ከዲያቆኑ ጋር ይፎካከሩ ነበር፤ የሚሸነፈውም አብዛኛውን ጊዜ ዲያቆኑ ነው።

ለእኔ የደረሰኝ አጭሩ፣ የመጨረሻው ክፍል ነበር፦ በማዕበል የሰጠመች አንዲት የጥበቃ ጀልባና ስምንት መርከበኞቿ።

«አንተ ስም መጥራት ለምደሃል» አሉኝ የኔታ። «የእነዚህ ሰዎች መዝገብ ተቃጥሏል። ስማቸው የቀረው እዚህ ብቻ ነው» ብለው ግንባራቸውን ነኩ።

የስም ዝርዝር ጠባቂ ጆሮ እንዳይገባ ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ ነገሩኝ፦ ስምንት ስም ከነአባቱ፣ ከነትውልድ ቦታውና ከነሥራው። ለዲያቆኑ ቢሆን የአንድ ጠዋት ትምህርት ነው። እኔ ግን የዘመናዊ ትምህርት ሰው ነኝ፤ ሽምደዳ ኋላ ቀርነት ይመስለኝ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሰልችቻለሁ። ስለዚህ በእርሳስ ስባሪ የሲጋራ ፓኮ ላይ ጻፍኳቸውና ኮቴ ገበር ውስጥ ሸጎጥኳቸው። ጠዋት ሽንት ቤት ሰርቄ አያቸውና ስጠየቅ ሳልደናቀፍ እመልሳለሁ። የኔታ «ጎበዝ» ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

አንድ ረፋድ ፍተሻ መጣ። ኮትና ጋቢያችንን ሁሉ አስወልቀው መሬት ላይ ከመሩት። የትኛው የማን እንደሆነ በማይለይበት ክምር ውስጥ ወረቀቱ ተገኘ። አዛዡ በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

«ስምንት ሰው። የድርጅታችሁ አባላት ናቸው? ማነው የጻፈው?»

በዚያ ዘመን የስም ዝርዝር መገኘት ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ልናገር ሞክሬ ነበር ብል እዋሻለሁ። አልሞከርኩም፤ ፈራሁ።

«የኔ ነው» አሉ የኔታ።

«የት ነው ያሉት እነዚህ?»

«ባሕር ውስጥ። ከሞቱ ቆዩ።»

«ማን ገደላቸው?»

«ማዕበል።»

አዛዡ ሳቀ። «ብቸና ላይ ማዕበል። ተነሥ፣ ሽማግሌ።»

አልተቻኮሉም። ጋቢያቸውን ከክምሩ ፈልገው አወጡ፤ ባሕር ኃይል እንዳስተማራቸው ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥመው አጠፉት፤ ከዚያ ብርድ ከሚያስላቸው ከነጋዴው አጠገብ አስቀመጡት። የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ። በአጠገቤ ሲያልፉ ፊታቸው ላይ ቅያሜ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

«ወረቀቱ ይሂድ፣ ግድ የለም» አሉኝ በቀስታ። «አንተ ይዘኸዋል።»

አልያዝኩትም ነበር። በሩ እንደተዘጋ ስሞቹን ልደረድር ሞከርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ነገ ሲመለሱ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተመለሱም።

ዲያቆኑ ዛሬ መርጡለ ማርያም መሪጌታ ሆነዋል፤ «አንቱ» ስላቸው ይስቁብኛል። ነጋዴው ከመሞታቸው በፊት የወደቡን ክፍል ከእሳቸው ተቀብለው ነበርና ሁለቱንም ክፍል ዛሬም አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጧቸዋል። ከተፈታን በኋላ እኔ ከአፋቸው እየሰማሁ መጽሐፉን ጻፍኩት፤ ንጹሑ ግልባጭ ቤቴ አለ። ከመጨረሻው ክፍል ርእስ ሥር ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ደርድሬያለሁ። ሥራቸውን አልረሳሁም፦ ሞተረኛው፣ ወጥ ሠሪው፣ ሬዲዮ ሠራተኛው። ሁለት ስም ሞልቻለሁ፤ የትኛው አባት የየትኛው ልጅ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስድስቱ መስመር ባዶ ነው።

«ስማቸውን አምላክ ያውቀዋል» ይሉኛል መሪጌታ ሊያጽናኑኝ።

ያውቀዋል። አደራው የተሰጠው ግን ለእኔ ነበር።