ምንዎ ናት?

ጋሽ ግዛቸው ካርቱም በሚገኘው ኤምባሲያችን በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዘበኝነት ቆመዋል። ጡረታ ወጥተው አሰላ ሲገቡ ሰፈሩ «አምባሳደሩ» የሚል ስም ሰጣቸው። እኔ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር መምህር ነኝ፤ ስሙን ያወጣሁትም እኔው ነኝ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ይልቁንም ኮሌታቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

አገራቸው ገብተውም ከበር አልራቁም። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ከብረት በሩ አጠገብ አውጥተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ብርድ እየረገሙ ይቀመጣሉ። ከጎናቸው አንድ ትልቅ ጋን አለ፤ በሱዳን ደንብ ለመንገደኛ ውሃ የሚቀመጥበት።

«ጋሼ፣ እዚህ በዚህ ውርጭ ማን ይጠማል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የጋሪ ፈረስ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ጋሪ ሁሉ እኛ በር ላይ ይቆማል፤ ፋንድያውን የምጠርገው ግን እኔ ነኝ።

የጋኑን ነገር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ካርቱም፣ ከኤምባሲው በር ፊት ለፊት፣ ከዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ የአገራችን ሰው፣ የጢቾ ልጅ ነበረች፤ ትርፌ ትባላለች። ከዛፉ ሥር የተቀመጠውን ጋን በየማለዳው የምትሞላው እሷ ነበረች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሻይ ለዘበኛው ትሰጣለች፤ ዘበኛው ደግሞ አቧራው ሲነሣ በርጩማዎቿን ዘብ ቤቱ ውስጥ ያስገባላታል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በመጨረሻው ቀን ጋሽ ግዛቸው ሻንጣቸውን ይዘው ሊሰናበቷት ሲሄዱ አንድ ነገር ሊነግሯት ቆርጠው ነበር። «በይ እንግዲህ፣ ጋኑ እንዳይደርቅ» ብለዋት መጡ።

ይህን ሲነግሩኝ ተናደድኩባቸው። «በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። የቀረው እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ተመለሰ።»

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ይደውሉላታል፤ ስለ ጋኑ ይጠይቋታል፤ ይዘጋሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው። የጋሽ ግዛቸው ዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

በ2015 የፋሲካ ዋዜማ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ደወሉ፤ ስልኳ አይሠራም። በማግስቱም ደወሉ። የበዓሉ ዶሮ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሰባት ሰዓቱን ዜና ከሰፈራችን ባለሱቅ ከሙህሲን ዘንድ ቆመን እናይ ጀመር። ዜና አንባቢዋ የመንግሥትን መግለጫ ስትጀምር ሙህሲን ድምፁን ከፍ ያደርግና «አምባሳደር፣ እስቲ ይፍቱልን» ይላቸዋል። እሳቸውም ይፈታሉ።

«‹አሳስቦናል› ካሉ ገና ወረቀት ላይ ናቸው። ‹በእጅጉ አሳስቦናል› ካሉ ስብሰባ ተቀምጠዋል። ‹ሁሉም ወገኖች› ካሉ ደግሞ ማንንም ማስቀየም አልፈለጉም።»

«ወላሂ፣ ወሬ ብቻ ነው» አለ ሙህሲን።

«አይደለም ልጄ። ጎረቤትህ ባልና ሚስት ሲደባደቡ ከአጥር ውጭ ሆነህ ‹ኧረ በገላጋይ!› ትላለህ። በሩን ሰብረህ ብትገባ ሁለቱም አንተ ላይ ይዞራሉ። መንግሥትም ጎረቤት ነው።» ዓይናቸውን ከዜና አንባቢዋ ሳይነቅሉ ቀጠሉ። «እኔን የጨነቀኝ፣ ከአጥር ውጭ የሚጮኸው ውስጥ ላለ ሰው ይሰማው እንደሆነ ነው።»

ዜናው «ንጹሐን ዜጎች» ባለ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኛ ስለ ሚሊዮኖች ስንሰማ ለእሳቸው የምትታያቸው ማንቆርቆሪያ የያዘች አንዲት ሴት ናት። ሰው በናፍቆት እንዲህ ሲከሳ አይቼ አላውቅም፤ ካፖርታቸው ሰፋቸው።

በግንቦት መግለጫው ተለወጠ። በሱዳን ያሉ ዜጎቻችን በመተማ በኩል እንደሚገቡ፣ ቤተሰብ ያለው ስም እንዲያስመዘግብ ተነገረ፤ ስልክ ቁጥርም ተሰጠ። ይህን ጋሽ ግዛቸው አልፈቱትም። ቁጥሩን ከብስኩት ካርቶን ላይ ጽፈው ወጡ።

የደወሉት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ነው፤ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ይሰማል። መዝጋቢዋ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር ጠየቀች። ሁሉንም እንደ ውሃ አነበነቡላት።

«ምንዎ ናት?»

ይህችን ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የሰው ጉዳይ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ምንህ ነው?» ይሉታል። ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው ያለውን በደንቡ መሠረት መልሰውታል፤ ሰውየውም ከትርፌ ጋን ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል።

«አባቴ፣ ይሰማዎታል? ምንዎ ናት?»

«ባለቤቴ ናት» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

ስልኩን ሲዘጉ፣ በዚያ ብርድ ግንባራቸው አልቦት ነበር።

«መንግሥትን ዋሸሁ» አሉኝ።

«እንኳን ዋሹ!» አልኩ፤ እንባዬ እየመጣ። ሙህሲን ወሬው ሲደርሰው እየሮጠ መጣ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ በስልክ አገቡ!»

ሳቁ። ከፋሲካ ወዲህ ሲስቁ የዚያን ቀን ብቻ አየሁ።

ሰኔ አለፈ። ክረምቱ ከበደ፤ ጋኑን ዝናብ ይሞላው ጀመር፤ እሳቸው ግን ውሃውን ደፍተው በንጹሕ ይተኩታል። ዣንጥላ ይዘው በሩ ላይ ይውላሉ። ግቡ ብላቸው አይሰሙም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከመተማ ተደወለ።

«አቶ ግዛቸው ነዎት? ትርፌ የምትባል ሴት እዚህ ገብታለች። መዝገባችን አሰላ ባል አላት ይላል፤ እሷ ግን ባል የለኝም ብላ ድርቅ ብላለች። ስህተት ይኖር ይሆን?»

ጋሽ ግዛቸው ብድግ ሲሉ ወንበሩ ወደቀ። «እናንተም አልተሳሳታችሁም፣ እሷም አልተሳሳተችም። ልጄ፣ እባክህ አገናኘኝ።»

ስልኩ እጅ ሲለውጥ ተሰማ።

«ማን ነው ባሏ ነኝ ያለው?» የደከመ፣ የተቆጣ ድምፅ ነበር።

«እኔ ነኝ ትርፌ። ዘበኛው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ ትንፋሿ ተሰማ።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ይህን ለማለት ጦርነት መነሣት ነበረበት?»

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ብቻ ስለ ጋኑ እንዳይጠይቁኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ጋኑን ትቼው ነው የሸሸሁት።»

ጋሽ ግዛቸው ነፃ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው የጋኑን አፍ ያዙ።

«እዚህ ሌላ አለ» አሏት። «ነይ።»