ሳይነግሩኝ የዋሉበት ቀን

ሽማግሌው ከሮብ ገበያ በኩል ማርቆስ ወዳለው ሆስፒታላችን በቃሬዛ ከመጡ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ራሳቸውን አያውቁም፤ ትንፋሻቸውን ያቆየላቸው ኦክስጅኑ ነው። ሐኪሙ ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የንስሐ አባታቸውን፣ ዋና ነርሷንና እኔን አንድ ክፍል ሰበሰበ። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን የሚወጣው ሰው የለም። ሐኪሙ ያለውን እኛ ነርሶቹ እናፍታታለን፣ ቄሱ ደግሞ ልብ ውስጥ ያስገቡታል። ሐኪሙ እንደነገረን መድኃኒቱ አልያዘላቸውም፤ ወይ እዚሁ ኦክስጅን ላይ ጥቂት ቀን ይቆያሉ፣ ወይ ተነቅሎላቸው ቤታቸው ይገባሉ።

"አገራቸው እናግባቸው" አለ ታላቁ ልጅ። "ደጃቸው ላይ ይረፉ።"

ወንድሞቹ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሲተኙ የመዘገብኩት አራት ልጆች እንዳሏቸው ነው።

"ሴት ልጅም አለቻቸው አይደል?" አልኩ።

"ይጁቤ ከተማ ታስተምራለች" አለ ታላቁ። "መታመማቸውንም አልሰማች። ተይያት ሲስተር፣ ድንጉጥ ናት፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትሆንብናለች። ሲያልቅ ማልደን ሄደን እናረዳታለን።"

መርዶውን ሲያነሳ የራሴ ትዝ አለኝ። እኔንም አርድተውኛልና። እናቴ አገር ቤት ጉንደ ወይን ዘጠኝ ቀን ታማ፣ ወደ ማርቆስ እናምጣት አናምጣት ተብሎ ሲመከር፣ "ሐኪማችን" እያሉ የሚያሾፉብኝን ነርሷን ልጅ የጠየቀ የለም። ስትሞት ወንድሞቼ ወደ ሥራ ቦታዬ የደወሉት ለዚህችው ዋና ነርስ ነው። "እስክንመጣ አትንገሯት" አሏት። ያን ቀን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ከባድ በሽተኛ አላስያዙኝም፣ አንዷ ሻይ አመጣችልኝ፣ ዋና ነርሷ "ደክሞሻል፣ አረፍ በይ" አለችኝ። እኔ ሞኟ "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?" እያልኩ እስቅ ነበር። ስስቅ እናቴ እየተቀበረች ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች በሬን ሲያንኳኩ፣ ከኋላቸው ዋና ነርሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ። ቂሙ ግን አልወጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር አብሬ ሠርቼ፣ አብሬያቸው በሽተኛ አገላብጬ፣ ኪራይ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።

"ልጅቱ ሳትመጣ ኦክስጅኑን አልነቅልም" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ።

"ውሳኔው የቤተሰቡ ነው" አለኝ ሐኪሙ።

"እሷስ ቤተሰብ አይደለችም?"

የታላቁ ልጅ ፊት ጠቆረ። በሴት ነርስ አፍ እንዲህ መባሉ ከብዶታል። ያን ጊዜ ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና "ልጄ፣ እሷም የንስሐ ልጄ ናት። ሳትሰናበት ከቀረች በኋላ ምን ብዬ አጽናናታለሁ?" አሉት።

"እንዳሉ ይሁን አባ" አለ ታላቁ ልጅ።

"ቁጥሯን ስጡኝ፣ እኔ እደውላለሁ" አለች ዋና ነርሷ። ወደ እኔ አላየችም።

ልጅቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰች፤ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ ነበር። መንገድ ላይ ምንም አልሆነች። ሐኪሙ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራት፣ ያልገባትን እኛ ደገምንላት። የአባቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞራ "ቤታቸው እናግባቸው" አለችው። ከወንድሞቿ የተለየ ነገር አልተናገረችም። እሱ ግን ይህን ጊዜ ነው ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቀሰው።

ኦክስጅኑን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ዋና ነርሷ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ሻይ እንጠጣ?" አለችኝ።

"ሥራ አለኝ" አልኳት። አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። እናቴን ወደ ማርቆስ እናምጣት ወይስ እዚያው ትረፍ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ እኔም "እዚያው ትረፍ" ነበር የምላቸው። ማንም አልጠየቀኝም።