ቁልፉ እቤት የዋለ ቀን

በእነዚያ የተቃውሞ ሰልፍ ዓመታት ጊንጪ ውስጥ ተማሪዎች ሰብሰብ ሲሉ ያየች እናት መጀመሪያ የምታደርገው ልጇን መፈለግ ነበር። እኔ ደግሞ የባሰብኝ ነበርኩ። ባለቤቴ "አንቺ ነፋስ በሩን ሲገፋውም ሰው መጣ ትያለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጄ "ሴቶቹን ሰብስቤ አንድ ሥራ ልንጀምር ነው" ስትለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋት።

"ምን ልታደርጉ?"

"ትምህርት ቤቱ ጓሮ የተሰበረ ወንበር የሚጣልባት ክፍል አለች። እሷን ጠርገን ውሃና ሞዴስ እናስቀምጥባታለን። የወር አበባ የመጣባት ልጅ ወደ ቤቷ አትሮጥም።"

"መምህራኑ አይሠሩትም?"

"ሃርሜ፣ መምህራኑ ወንዶች ናቸው እኮ!" እናቴ ስትለኝ ሁሌም በኦሮምኛ ነው።

ሠሩት። ግድግዳውን ራሳቸው በኖራ ቀቡ። እያንዳንዷ ጠዋት ጠዋት በሀይላንድ ውሃ ይዛ እየመጣች በርሜሉ ውስጥ ትገለብጣለች። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ይሁን ሲባል ልጄ እምቢ አለች። ሴት ልጅ ወንድ ፊት ቆማ ክፈትልኝ ከምትል ትምህርቱን ትታ ትሄዳለች አለች። ስለዚህ ቁልፉ በክር ታስሮ እሷ አንገት ላይ ይውላል። የቸገራት ልጅ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ በልጄ ክፍል በር ብቅ ትላለች፤ ልጄም ምንም ሳትጠይቅ አውልቃ ትሰጣታለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ በአጥር በኩል "ዛሬ መንገድ ይዘጋል ይላሉ" አለችኝ። ማን አለ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። ገብቼ የውጭውን በር ቆለፍኩ።

"ሃርሜ፣ ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው!"

"አንድ ቀን ተዘግቶ ቢውል ምን ይሆናል?"

"አንቺማ ምንም አትሆኚም። ለጓደኛዬ ሰጥቻት ልመለስ፤ ሩጬ።"

"ከዚህ በር ንቅንቅ አትይም!"

መንገዱ አልተዘጋም። ወደ አምቦ የሚያልፉት አውቶቡሶች ጥሩምባ ቀኑን ሙሉ ይሰማ ነበር። አንዱ ባለፈ ቁጥር ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ የተለቀመ ምስር መልሼ እለቅማለሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። ከደንዲ ገጠር በእግሯ የምትመጣ አንዲት ልጅ ሐሙስ ዕለት ሹራቧን አስራ እነልጄ ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። ልጄን አጣቻት። ዩኒፎርሟ ተበላሸ፤ ተሳቀባት። ከእንግዲህ አልመጣም ብላ በሰፈሯ ልጆች ልካለች።

"አንቺ ነሽ ያስቀረሻት" አለችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ስቀር ለምን ቀረች ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ነጠላዬን ደርቤ ልጄን አስከትዬ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ወርደን በስንዴው ማሳ መሃል ብዙ ሄድን። ውሻ በጮኸ ቁጥር እንመለስ ልል ስል ልጄ ቀድማኝ ትራመዳለች።

የልጅቷ እናት ደጃፏ ላይ እህል ታበጥር ነበር። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፤ "ነጋ፣ ነጋ" እያልን ደህንነት ተጠያይቀን ከጨረስን በኋላም ነጠላዬን እያስተካከልኩ ቆየሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት በመጨረሻ። "መንገድ ይዘጋል ሲሉኝ ፈርቼ ልጄን ቆለፍኩባት።"

ሰፌዱን አስቀምጣ አየችኝ። "አስፋልት ዳር ተቀምጠሽ ከፈራሽ እኔ ምን ልሁን? ይሄንን የመጣሽበትን መንገድ እኮ የእኔዋ በየቀኑ ነው የምትሄደው።"

ልጄ ወደ ጓዳ ገብታ ከልጅቷ ጋር ትንሾካሾክ ነበር። ሁለተኛ ቁልፍ እናስቀርጻለን፣ እሱ አንቺ ጋ ይሆናል ስትላት ሰማሁ። የልጅቷን መልስ ግን አልሰማሁም።

"ከፈለገች ትሂድ" አለች እናቷ። "እኔ ገፍቼ አልልካትም።"

ሰኞ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። የገጠር ልጆች በቡድን በቡድን አለፉ፤ እሷ የለችም። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎም ቆሜ ቀረሁ።

ማክሰኞ ከሁሉም ኋላ ብቻዋን መጣች።

"ትናንትስ?" አልኳት፣ ሰላምታም ሳላስቀድም።

"አጨዳ ነበር፣ እትዬ።"

"አጨዳ ከሆነ ለአንዱ ነግሮ አይላክም? ሰው እኮ ይጨነቃል!"

የገዛ ልጄን እንደምቆጣው ነበር የተቆጣኋት። ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። "ረፍዶብኛል" ብላ ሮጠች። እኔ የትምህርት ቤቱ ግቢ በር ከኋላዋ እስኪዘጋ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።