በቅንፍ ያለች ሳቅ

የላይኛው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ የሽበታሙን እንደራሴ ኮቴ ገና ከኮሪደሩ ስትሰማ ደሟ ይፈላል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ያንኑ የመንደሩን ድልድይ ጉዳይ ባነሳ ቁጥር አዳራሹ ይስቃል፤ እሷም በቅንፍ «ሳቅ» ብላ ትጽፋለች። ስብሰባው ሲበተን፣ ጥቁር ኮቱ ላይ በነጭ ክር የተተከለውን ቁልፍ እየነካካ ከች ይላል።

«ልጄ፣ ይቺን ሳቅ አውጪልኝ።»

«የተሳቀ ይጻፋል አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ። ስንቴ ልንገርዎት?»

«ቃለ ጉባኤውን ለአባቴ ነው የማነብለት። ዘጠና አልፎታል፤ ዓይኑም ከድቶታል።»

«ታዲያ ሲያነቡለት ዘለል ያድርጓታ።»

ሽበታሙ ክፉኛ ደነገጠ።

«አባቴን ዋሽቼው አላውቅም» አለና እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።