ግራ እጄን ያሰሩባት ጨርቅ

ልጅ እያለሁ ግራኝ ነበርኩ። እርሳስ የማነሳው በግራ፣ ጠጠር የምቀልበው በግራ፣ ክፋቱ ደግሞ እንጀራ የምቆርሰውም በግራ! አባቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታችን የስፌት መኪና ዘይትና አዲስ አቡጀዴ ይሸት ነበር።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ተጋብዘው ሳለ ግራ እጄን ወደ ገበታው ሰደድኩ። እሳቸው መብላታቸውን ቀጠሉ፤ አባቴ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። በማግስቱ ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ቀደዱና ግራ እጄን ከወገቤ ጋር አሰሩት።

«ቀኝሽ እስኪለምድ ነው» አሉኝ።

እንዴት እንደጠላኋቸው! ወጡ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል፣ ፊደሉ ይንጋደድብኛል፣ ጓደኞቼ ጠጠር ሲጫወቱ ዳር ቆሜ አያለሁ። ማታ ማታ አባቴ መኪናቸውን አቁመው ቀኝ እጄን በሻካራ መዳፋቸው ይዘው ያስጽፉኝ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ቀኜ ለመደ፣ ጨርቁም ተፈታልኝ። ቂሙ ግን አብሮኝ አደገ።

ዘንድሮ አባቴን ስትሮክ መታቸው። መቀስ ይዞ የኖረው ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ሰው ሲያጎርሳቸው ከሐፍረት የተነሣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ደብረ ታቦር ያየቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «በቀን ጥቂት ሰዓት ደህናውን እጅ እሰሪው፤ የታመመው ሲለማመድ አእምሮ አዲስ መንገድ ያበጃል» አለችኝ።

ከድሮ ከረጢታቸው ቁራጭ ጨርቅ አውጥቼ ግራ እጃቸውን አሰርኩ። ጨርቁን ትኩር ብለው አዩት።

«ያኔ ከፍቶሽ ነበር?»

ልዋሽ ፈልጌ አልሆነልኝም። «አዎ፣ አባባ።»

«ሰው ፊት እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉና እንባቸው ወረደ።

በየቀኑ ቀኝ እጃቸውን ይዤ እንጀራ አስቆርሳቸዋለሁ፣ ልክ እሳቸው ፊደል እንዳስቆጠሩኝ። ወጡ አገጫቸው ላይ ሲንጠባጠብ ያ ቂሜ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ብቻቸውን ጉርሻ ጠቀለሉ። ግን አልበሉትም፤ እየተንቀጠቀጡ ወደ እኔ ዘረጉት። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን ጎረስኩ።

«በይ አንቺም አጉርሺኝ» አሉ። ቀኜን ስዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በግራሽ።»

ግራ እጄ ከገበታ ከራቀ ስንት ዘመኑ! ያኔ ያለ ማንም አስተማሪ ይቆርስ የነበረው እጅ ዛሬ እንጀራውን መጠቅለል አቃተው። አባቴ ግን አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ጠበቁኝ።