ጽሩይ ሰማይ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን እንደ እኔ ቃል የሚያውቅ ገበሬ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። የቆሎ ተማሪ ሆኜ አላውቅም፤ ፊደሉን ከአንድ ዘመድ ቄስ ለምኜ፣ ግእዙን በቅዳሴ ሰዓት በጆሮዬ ሰርቄ ነው። «ጽሩይ» የምትለዋንም እንዲያው አገኘኋት። የጠራ፣ እድፍ የሌለበት ማለት ነው። ለወርቅም ለውኃም ይሆናል፤ እኔ ግን ለሰማይ አደረግኋት። ሰማዩ ጠራ ማለትማ ማንም ይላል። ጽሩይ የምለው ባዘቶ የምታህል ደመና እንኳ ጠፍታ፣ የጮቄ ተራራ ድንጋዩ ሲቆጠር ነው።

እኛ ዘንድ አውድማ ላይ ነገሩን በዘወትር ስሙ አይጠሩትም፤ በረከቱ ይሸሻል። ስለዚህ ቃሌ ለአውድማ ተመረጠችልኝ። ጠዋት ወጥቼ «ጽሩይ ነው» ካልሁ በሬ ይወጣል፣ ጤፉ ይበራያል። ሰማዩን ራሴ የወለወልሁት ነበር የሚመስለኝ።

ጣሊያን ሲገባ አውሮፕላኑ የሚመጣው በጽሩይ ቀን ሆነ። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ሰው በሬውን ወደ በረት ይመልስ ጀመር። በደመና ቀን ደግሞ ጤፍ ይርሳል፤ ከገለባው አልላቀቅ ይላል።

የታናሽ እህቴ ባል ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቶ ስለነበር ክምሯ ሳይወቃ ቆሞ ቀረ። ልጆቿ የሚበሉት ሌላ እህል የለም። ምስጡ ከሥር ጀምሮታል፣ ደመና ስንጠብቅ ልናልቅ ነው አለችኝ። እኔም ጎረቤቱን ዞሬ፣ አስቄም ለምኜም፣ አንድ ሽማግሌና ጥቂት ሰው ከነበሬያቸው አገኘሁ። በጽሩይ ጠዋት ጀመርን።

ረፋድ ላይ አውሮፕላኑ መጣ። በሩጫም ቢሆን የሚቀድመኝ የለምና ከአውድማው ሥር ያለው ፈፋ ውስጥ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው ላዬ ላይ ወደቁ። ቦንቡ ሁለት በሬ ገደለ፣ ክምሩም ተያያዘ። ቀና ስል እህቴ ለእኛ መጠጥ ያመጣችውን ውኃ በእንስራ አዝላ አውድማው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ምርቱ ሳይነሳ ሴት አውድማ አትረግጥም፤ ፈቃዱ ያለው በሽማግሌው እጅ ነው።

«አባባ፣ ልግባ?» አለች።

ሽማግሌው ከላዬ ወርደው ፊታቸውን አፈሩ ላይ ደፉ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልግባ ወይ?»

«ግቢ፣ እህት ዓለም። ማን ቀረና ይከለክልሻል?» አልኋት።

ገባች። የእንስራው ውኃ አንዱን ጥግ እንኳ አላጠፋም።

በማግሥቱ አመዱን እያፈሰች በወንፊት ስትነፋ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የማስቃት ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ወንፊቱ ጤፉንም አመዱንም አንድ ላይ ያሳልፈዋል። እሷ ግን የወረደውን ሰብስባ እንደገና ትነፋለች።